አውቆ የሚዘገይ ከበሮ

የዲትሮይቱ የራፕ ቡድን ስላም ቪሌጅ «ፋንታስቲክ፣ ቮልዩም 2»ን ሠርቶ ያጠናቀቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መገባደጃ ነበር። በ1999 መጀመሪያ ግን አሳታሚው ኤ ኤንድ ኤም በኩባንያዎች ውህደት ሳቢያ ተዘጋና ሥራው መደርደሪያ ላይ ቀረ። ይህ የመጀመሪያ ይፋዊ አልበማቸው በሌላ አሳታሚ የወጣው ጁን 13 ቀን 2000 ነው።

ገበያ ላይ የዘገየው አልበም ውስጡም በመዘግየት የተሠራ ነው። የዚህ ጥበብ ባለቤት ከቲ3 እና ከባቲን ጋር ቡድኑን የመሠረተው ጄይ ዲላ ነው። የሚሠራበት ኤምፒሲ 3000 የተባለ የከበሮ ማሽን ጣት ሲስት ምቱን ራሱ ያቃናል። ዲላ ግን የቱ ምት እንደሚቃና፣ የቱ እንደሚዛነፍ የሚወስነው በጆሮው ነበር። ትልቁ ከበሮ ከቦታው ቅንጣት ዘግይቶ ያርፋል፤ ጭብጨባው ሊቀድመው ይቸኩላል፤ ባሱ ከኋላ ይጎተታል። ምቱ ሞቅ እንዳለው ሰው ይንገዳገዳል፤ አንድም ጊዜ ግን አይወድቅም።

ከአልበሙ «ፕሌየርስ»ን ስሙ። ከጀርባ ያሉት ድምፆች የዘፈኑን ርዕስ የሚጠሩ ይመስላሉ። እነሱ ግን ሲንገርስ አንሊሚትድ የተባሉ የድምፃውያን ቡድን ናቸው፤ የሚጠሩትም «ክሌር» የሚል ስም ነው። ዲላ ከእነሱ ቅጂ ቆርጦ ሲያስገባው ጆሯችን የሚጠብቀውን ቃል ሰማ። ቅኔ አዋቂ ቢሰማው ኅብረ ቃል አገኘሁ ይል ነበር፤ ሰሙ ክሌር፣ ወርቁ ፕሌየርስ።

ግጥሙን ለብቻው ካነበብነው አብዛኛው ሴትና ጉራ ነው። ሆኖም ቲ3 እና ባቲን ቃልን ከትርጉሙ ይልቅ ለምቱ ይመርጣሉ፤ ድምፃቸው ከበሮው የተወውን ክፍተት ይሞላል። ቃላቸው ከምቱ ከተነጠለ ይቀላል፤ አብሮት ሲሆን ግን አንድም ትርፍ የለውም።

አልበሙ ሳይወጣ ካሴቱ ከሙዚቀኛ ወደ ሙዚቀኛ ዞሯል። ከበሮ መቺው ኩዌስትላቭ ይህንኑ መንገዳገድ በሰው እጅ ለመምታት የታገለበት የዘፋኙ የዲአንጄሎ አልበም «ቩዱ» በጃንዋሪ 2000 ወጣ። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን በወራት ቀደመው ማለት ነው።

ዲላ በ2006 በ32 ዓመቱ አረፈ። ኤምፒሲው ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ብሔራዊ ሙዚየም ቅርሶች መካከል ነው።