ሽቦው ሽቦ ነው፦ የኤልያስ ስሜን ሥራ ስለ ማንበብ

የኤልያስ ስሜን ሥራ በስላይድ አሳይቶ እግዚአብሔር የተጣለውን አንሥቶ እንደሚያሳምር መስበክ ቀላል ነው። ደብረ ታቦር ላይ ብትሰብኩት ጉባኤው አሜን ይላችኋል። ትምህርቱ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ይህን አላለም። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ ሥዕሉ ብቻ አይደለም፤ ሽቦን በዚህ ፍጥነት የሚያልፍ ሰባኪ የነገውን ምንባብም እንዲሁ ያልፈዋል።

ኤልያስ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ በ1990 ከአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመረቀ። ሸራ ላይ በክርና በልብስ ቁልፍ እየሰፋ ሠርቷል። «ታይትሮፕ» ባለው ተከታታይ ሥራው፣ ውጥር ገመድ እንደ ማለት ነው፣ አሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ እየጎነጎነ ከኮምፒውተር ዕቃ ጋር በእንጨት ላይ ያያይዛል። ከሩቅ ስታዩት በጥቅምት ከጉና ቁልቁል የሚታየውን ማሳ ይመስላል፤ የጤፉ፣ የገብሱ፣ የኑጉ እርሻ በድንበር ተለይቶ። ስትቀርቡት ሽቦ ነው። በየትኛው ቤት መብራት እንዳበራ አይነግራችሁም፤ ያገለገለ መሆኑን ግን አይደብቅም።

በዘኁልቁ 16 የእነ ቆሬ ጥናዎች ተጠፍጥፈው የመሠዊያ መለበጫ ሆኑ። ናሱ ታሪኩን አልጣለም፤ የተለበጠው ያ ታሪክ እንዳይረሳ ነው። በዘጸአት 38፥8 ደግሞ የመታጠቢያው ሰን የተሠራው ከሴቶች መስተዋት ነው። ለምን ከመስተዋት እንደ ሆነ ጸሐፊው አይነግረንም (ስንቱ ስብከት ነገረን እንጂ!)። ዝም ባለበት ዝም ማለት የአፈታት ሥራ ነው።

በኤልያስ ሥራ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሥርዓቱና ግዝፈቱ አንዳንዴ ዓይንን ያደነዝዛል፤ ዕቃውን የለቀመው ሰው እጅ ከውበቱ ሥር ይጠፋል። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ለእኔ ይበልጣል። ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ የደቡብ ጎንደር ሰው ሁሉ ያቦካው ጭቃ። ጸሎት ቤታችን ከጭቃ ወደ ብሎኬት ሲዞር የምስጋና ፕሮግራም ለምናዘጋጅ ለእኛ ይህ ግድግዳ የሚከብድ ጥያቄ ነው።

ቁስ ንጹሕ ሆኖ እንደማይመጣ ለማየት ሩቅ አትሂዱ። ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ባለችው ጋፋት፣ ወንጌል ይዘው የመጡ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎች በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ነሐስ አቅልጠው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሠሩ። ተማሪዎቻችሁን እዚያ ውሰዷቸው፤ ምሳሌ ከማውጣታቸው በፊት ምን እንዳዩ ይጻፉ።