እንቁላሉ የማይሰጠው ጣዕም

የእንቁላል ወጥ በብዙ ቤት የሚሠራው ዶሮ ሲጠፋ ወይም ዋጋው አልቀመስ ሲል ነው፤ ምትክ ነው ተብሎ ስለሚታሰብም እንደነገሩ ይሠራል። እኔ ግን ከዶሮ ወጥ የሚከብደው እሱ ነው እላለሁ። ዶሮ ድስት ውስጥ ሲቆይ ከአጥንቱና ከሥጋው የሚወጣው ስብና የሚያጣብቅ ፈሳሽ ወጡን ያወፍረዋል፤ የቁሌቱንም ጉድለት ይሸፍናል። የተቀቀለ እንቁላል እንዲህ ያለ ውለታ አይውልም። ነጩ አንዴ ከረጋ በኋላ ለወጡ የሚሰጠው ጣዕም የለም፣ ከወጡም የሚቀበለው ከላይ ከላዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ወጡ እንቁላል ሳይገባበት በፊት ብቻውን በእንጀራ የሚበላ መሆን አለበት። በደቡብ ኢትዮጵያዋ ጂንካ ለሚያበስል ሰው ደግሞ ለዚህ ወጥ መጨረሻውን የሚያሳምርለት ቅመም ሩቅ አይደለም፤ በአሪ ገበሬዎች ጓሮ በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ኮረሪማ ነው።

ሽንኩርት ከአሥር እጁ ዘጠኙ ያህል ውኃ ነው። ይህ ውኃ ሳይመጥ ዘይት ከተጨመረ ሽንኩርቱ አይልምም፤ ወጡ ውስጥ ቁርጥራጩ እየታየ ይቀራል። ለስድስት እንቁላል አራት ትልልቅ ራስ ሽንኩርት አድቅቆ ከትፎ፣ ደረቁን በለስላሳ እሳት ማቁላላት ነው። ማማሰያው ሲያልፍ የድስቱ ቂጥ ታይቶ ቶሎ የማይከደን ሲሆን ያኔ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬ ከቅባት በፊት ውኃ ካገኘ ጥሬ ጥሬ ማለቱን አይተውም፤ ቀይ ቀለሙም ሆነ የሚያቃጥለው ነገሩ በቅባት እንጂ በውኃ እንደልብ አይሟሙምና። አባሹ የፈላ ውኃ ሆኖ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል፤ ቅባቱ ከዳር ዳር ቀልቶ ሲወጣ ቁሌቱ በስሏል።

እዚህ ላይ የሚነሳ ክርክር አለ፦ ኮረሪማ እኮ በርበሬው ውስጥ አለ፣ ቅቤ ከተጨመረም ሲነጠር ገብቶበታል፣ ሦስተኛ ጊዜ ምን ይሠራል? ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ይመስላል። ነገር ግን የኮረሪማ ሽታ ያለው በቀላሉ በሚተን ዘይቱ ውስጥ ነው። በርበሬው ውስጥ ያለው ከሽንኩርት ጋር አንድ ሰዓት ሲንተከተክ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ቤቱን ያውደዋል፤ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ጠለቅ ያለ፣ መረር የሚል ቅሪት ነው። በርበሬው ውስጥ ያለውና መጨረሻ ላይ የሚጨመረው ኮረሪማ አንድ ስም ይኑራቸው እንጂ ሥራቸው ይለያያል። ዶሮ ቢሆን የራሱ ሽታ ስላለው የመጨረሻው ኮረሪማ ቢቀር ብዙ አይጎዳም፤ እንቁላል ግን ክፍተቱን የሚሞላበት ነገር የለውም። ከሁለት ወይም ከሦስት ቅርፊት የወጣ ፍሬ በሙቀጫ ወቅጦ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነስንሶ መክደን ይበቃል። ከዚያ በላይ ከሆነ መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ሌሎች ደግሞ እንቁላሉ ጣዕም እንዲገባው ከወጡ ጋር ብዙ ይንተክተክ ይላሉ። እንዲህ የቆየውን እንቁላል ለሁለት ሰንጥቆ ማየት ነው፦ ቅላቱ ከውጭ እንደ ቀጭን ቀለም ተለጥፎ ይቀራል፣ ነጩ እንደ ጎማ ይሆናል፣ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱ የነጩ ድኝ ከአስኳሉ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነው። ጂንካ ከባሕር ወለል 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለሐበሻ እንቁላል አሥር ደቂቃ ይበቃል። ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መንከር ነው። (የዛሬ እንቁላል ቅርፊቱ ነጩን ይዞ ስለሚነሳ የሦስት የአራት ቀኑ ይሻላል።) ከተላጠ በኋላ በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ወጡ ውስጥ የሚቆየው አምስት ደቂቃ ያህል ነው።

ካሽሚሮችም የእንቁላል ወጥ አላቸው፤ የእንቁላሉን እምቢታ ግን በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። የተቀቀለውን እንቁላል በዘይት ጠብሰው ላዩን ያሻክሩታል፣ ወጡ እንዲይዝበት። ፓንዲት በሚባሉት የካሽሚር ሂንዱዎች የቆየ አሠራር ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባም፤ ወጡን የሚያቆሙት በእርጎ፣ በተፈጨ እንስላልና በደረቅ ዝንጅብል ሲሆን፣ በርበሬያቸውም ከማቃጠሉ ይልቅ በቅላቱ የሚፈለግ ነው። አሠራሩ ከእኛ ጋር በምንም አይገናኝም፤ እንቁላሉ ምንም እንደማይሰጥ በማወቅ ግን አንድ ነን። ለእንጀራ ግን የእኛን ጫር ጫር እመርጣለሁ፤ የተጠበሰው ቆዳ በእጅ ሲቆረስ ይጎተታል።

በርበሬ የበዛበት ቀይ ወጥ ለጂንካ አካባቢ የከተማ ምግብ ነው፤ ከከተማዋ ወጣ ሲባል የሚቀድመው እንሰቱ፣ በቆሎውና ማሽላው ነው። ይህን አልክድም፤ ኮረሪማው ግን ያገሩ ነው። በዚያች ከተማ ተፈጭቶ የታሸገ መከለሻ መግዛት ወንዝ ዳር ቁጭ ብሎ የታሸገ ውኃ እንደ መግዛት ነው። የቅዳሜ ገበያ ስትወጡ ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙ፤ የምትሰብሩትም ወጡ ሊወጣ ሲል ይሁን።