«የማሽከርከር ኃይል» በቀንበር ሲመዘን

ለሳይንስ ሐሳብ ስያሜ ሲወጣ በቅድሚያ ሊመረመር የሚገባው ቃሉ ከሐሳቡ ጋር መግጠሙ ነው፤ ለጆሮ መስማማቱ ከዚያ በኋላ ይታያል። በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ታትሞ ከወጣ ወዲህም ይህ ምርመራ አላበቃም። ስለ አካላት መሳብ፣ መወጠርና መመጣጠን የሚነገርባቸው እንደ «ስበት»፣ «ውጥረት» እና «ሚዛን» ያሉ ቃላት ፈተናውን ያልፋሉ። በቃልም በጽሑፍም የሚዘወተረው «የማሽከርከር ኃይል» ግን አያልፍም። ጉድለቱን ለማስረዳት ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር በየማሳው የሚታየው ጥማድ በሬ ይበቃል።

ገበሬው ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በምራን ያስራል። በሬዎቹ ቀንበሩን ወደ ፊት ይገፋሉ፤ የአፈሩ ተቃውሞ ደግሞ በማረሻው፣ በሞፈሩና በምራኑ በኩል ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ቀኙ በሬ ቀንበሩን ወደ አንድ ወገን፣ ግራው ወደ ሌላው ሊያዞረው ይታገላል። የሁለቱ አንገት በ100 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ፣ ምራኑ ከቀኙ በ40፣ ከግራው በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢታሰር፣ ቀንበሩ ሳይዞር እንዲጓዝ ከጠቅላላው ጉተታ ቀኙ ከመቶ 60 እጁን፣ ግራው 40 እጁን መቻል አለበት፤ 60 ጊዜ 40 ከ40 ጊዜ 60 ጋር እኩል ነውና።

በዚህ ቀንበር ላይ የሚሽከረከር ነገር የለም። ይሁን እንጂ «የማሽከርከር ኃይል» የተባለው ነገር በግራም በቀኝም አለ። የመጀመሪያው ጉድለት ይኸው ነው፦ «ተሽከረከረ» ደጋግሞ መዞርን የሚያመለክት ግስ በመሆኑ፣ ዙረት በሌለበት ለሚገኝ ነገር አይስማማም። ሁለተኛው ጉድለት የባሰ ነው። ኃይል በኒውተን ይለካል፤ ይህ ግን የኃይልና የርቀት ብዜት በመሆኑ የሚለካው በኒውተን ሜትር ነው። ኃይል ያልሆነውን ኃይል ማለት በ«አየር ኃይል» እና በ«ኤሌክትሪክ ኃይል» ሁለት ሐሳብ በተሸከመው ቃል ላይ ሦስተኛ መጨመር ይሆናል።

«ጥምዘዛ» ይተካው የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። ነገር ግን የሚጠመዘዘው እንደሚጨመቅ ልብስ በራሱ ላይ የሚጠቀለል ነገር ስለሆነ፣ ቃሉ ለዚያው ሐሳብ ቢቆይ ይመረጣል። እኛ የምናቀርበው በ«ቆጠራ» እና በ«ለቀማ» ቅርጽ የተበጀውን «ዘወራ» ነው። «ዘወር በል» የተባለ ሰው ጥቂት ይዞራል እንጂ አይሽከረከርም። ፍቺውም እንደሚከተለው ቢሰጥ፦

ዘወራ፦ ኃይል አንድን አካል በአንድ ነጥብ ዙሪያ ለማዞር ያለው ብርታት፤ መጠኑ የኃይሉና ከነጥቡ እስከ ኃይሉ መስመር ያለው ቀጤ ነክ ርቀት ብዜት ነው።

«ዘወራም የድርጊት ስም ነው» የሚል ተቃውሞ ቢነሣ፣ «ስበት»ም እንዲሁ ነው፤ ሆኖም መደብ ላይ በተቀመጠ እንስራ ላይ ስበት አለ ስንል ማንም አይደናገርም። ተማሪው ኃይሉ ሳይጨምር ውጤቱ ስለምን እንደጨመረ የሚረዳው ርቀቱ በፍቺው ውስጥ ሲገባ ነው። ስለሆነም ተርጓሚዎች «የማሽከርከር ኃይል»ን ትተው «ዘወራ»ን በሥራ እንዲፈትኑት እናሳስባለን።