«የዳሳሽ ብልሽት» በተባለው ስያሜ ላይ የቀረበ ሂስ

በቴክኒክ ጽሑፎች ትርጉም ውስጥ ሥር እየሰደደ ያለ አንድ የአሰያየም ጉድለት በዚህ ጽሑፍ ይመረመራል። ጉድለቱ የሚገኘው በአንድ ነጠላ ቃል ላይ ሳይሆን፣ ሁለት ትክክለኛ ቃላት በ«የ» ተጣምረው በሚሰጡት ሐረግ ላይ ነው። ሐረጉም በትርጉም ጽሑፍ «የዳሳሽ ብልሽት»፣ በጋራዥ አነጋገር ደግሞ «የሴንሰር ችግር» የሚባለው ነው። ለማስረጃ የምንጠቅሰው ከባድ የመሬት መቆፈሪያ መኪና፣ ማለትም ኤክስካቫተር፣ ጭሱን የሚያጠራበትን ክፍል ሲሆን፣ የምሳሌያችንም ቦታ ደሴና ኮምቦልቻ ናቸው።

በሆጤም ሆነ በኮምቦልቻ ያለ መካኒክ የሚናገረው የጥገና ቋንቋ የቆየ ታሪክ አለው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታና ማርሚታ ከጣሊያንኛ ገብተው አማርኛ ከሆኑ ውለው አድረዋል። እነዚህ ሁሉ የሚጨበጥ ዕቃ ስሞች ናቸው። «የኩሽኔታ ብልሽት» ቢባል የተበላሸው ራሱ ኩሽኔታው ስለሆነ፣ ሰሚው የሚጠራጠርበት ነገር የለም። ዳሳሽ ግን ከነዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። ሥራው ስለ ሌላው ክፍል መናገር ነው። ስለዚህ ለዕቃ ስም የሚሠራው የ«የ» አገባብ ለተናጋሪ ዕቃ ሲውል ሁለት ፍቺ ይሰጣል፤ የተበላሸው ዳሳሹ ነው ወይስ ዳሳሹ የተናገረለት ክፍል?

ጥያቄው የሰዋስው ብቻ አይደለም። የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ሥራ በ2007 ዓ.ም. ሲጀመር፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክም በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ አካባቢው የከባድ መሣሪያ ሥራ ቦታ ሆኖ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ በከባድ ናፍጣ ሞተሮች ላይ በወጣው ጥብቅ ደንብ መሠረት የሚሠሩ ኤክስካቫተሮች የጥቀርሻ ማጣሪያ፣ የናይትሮጅን ኦክሳይድን መጠን የሚለኩ ዳሳሾች፣ እንዲሁም 32.5 በመቶ ዩሪያ ያለበትን ፈሳሽ የሚረጭ መሣሪያ ይዘው ይመጣሉ። በማጣሪያው ፊትና ኋላ ካሉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጋር የተያያዘው ዳሳሽ የግፊቱን ልዩነት ይለካል። ማጣሪያው በጥቀርሻ ሲደፈን ልዩነቱ ይጨምራል፤ ዳሳሹም ይህንኑ ያስታውቃል። በዚህ ጊዜ የታመመው ማጣሪያው ነው። ዳሳሹ ጤነኛ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም። መልእክቱ «የግፊት ዳሳሽ ብልሽት» ተብሎ ሲተረጎም ግን መካኒኩ የሚፈታው ምስክሩን ይሆናል።

የሚያስገርመው፣ መነሻው ቋንቋ በዚህ ረገድ የማያሻማ መሆኑ ነው። በከባድ መሣሪያዎች ዘንድ የሚሠራበት ኤስኤኢ ጄ1939 የተባለው ደንብ የብልሽትን መለያ ሁለት እግር ሰጥቶታል። የመጀመሪያው እግር፣ ኤስፒኤን፣ የትኛው መለኪያ እንደሆነ ይናገራል፤ ሁለተኛው፣ ኤፍኤምአይ፣ ነገሩ እንዴት እንደተጓደለ ይገልጻል። ለምሳሌ ኤስፒኤን 3251 የማጣሪያው የግፊት ልዩነት ነው። ከሱ ጋር ኤፍኤምአይ 0 ቢመጣ፣ ንባቡ የታመነ ሆኖ ልኩ ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል ማለት ነው። ኤፍኤምአይ 3 ወይም 4 ቢመጣ ግን የሚነገረው ስለ ኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ነው፤ ሽቦው፣ ማገናኛው ወይም ዳሳሹ መመርመር ይኖርበታል። መሣሪያው ራሱ እንደተበላሸ በቀጥታ የሚናገረው ኤፍኤምአይ 12 ነው። እንግዲህ ተርጓሚው እነዚህን ሁሉ «የዳሳሽ ብልሽት» ብሎ ሲጠቀልላቸው አንደኛውን እግር ተርጉሞ ሁለተኛውን ቆርጦ ጥሎታል።

ነገሩን በቀላል ምሳሌ ለማየት፣ «የሐኪም ሕመም» ቢባል የሐኪሙ የራሱ ሕመም እንጂ ሐኪሙ በበሽተኛው ላይ ያገኘው ሕመም አይደለም። አማርኛችን ለሁለተኛው «ሐኪሙ ያገኘው ሕመም» የሚል ግልጽ አገባብ አለው። ቋንቋው መለየት እየቻለ ስያሜው ካልለየ፣ ጥፋቱ የአማርኛ ድኽነት ሳይሆን የሰያሚው ችኮላ ነው።

የቦታው አቀማመጥ ችግሩን ይበልጥ ያጎላዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ አላቸው። በባሕር ጠለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በኮምቦልቻ ወደ 81፣ በደሴ ወደ 75 ይወርዳል። የባሕር ጠለሉን ቁጥር ብቻ የያዘ የተተረጎመ ሰንጠረዥ የሚያነብ ሰው፣ ደሴ ላይ 75 የሚያሳየውን የአየር ግፊት ዳሳሽ ዝቅ አድርጎ ይለካል ብሎ ሊወነጅለው ይችላል። ዳሳሹ ግን የተናገረው የደሴን እውነት ነው።

«የልቀት ሥርዓት» የሚለውም ስያሜ ከነቀፌታ አያመልጥም። «ለቀቀ» ከሚለው ግሥ የተገኘው «ልቀት» ለሚወጣው ጋዝ ተስማሚ ስም ነው፤ «የልቀት ሥርዓት» ግን ሥራው መልቀቅ የሆነ ነገር ያስመስላል። የመሣሪያው ሥራ መግታትና ማጥራት ስለሆነ «የጭስ ማጥሪያ» ቢባል ዓላማውን ይገልጻል። ማጣሪያውን «ማርሚታ» ብሎ መጥራትም አይበጅም። ማርሚታ ድምፅ የሚያፍን ዕቃ ነውና፣ ስሙ ከተሸጋገረ ማጣሪያው እንደ ተራ ቆርቆሮ ሊቀደድና ሊበየድ የሚችል ይመስላል።

«ሴንሰር ይባል ወይስ ዳሳሽ?» የሚለው ክርክር ብዙ ቀለም ፈጅቷል። በእኛ አስተያየት ከሁለቱ የትኛውም ቢመረጥ ከላይ የተገለጸው አሻሚነት አይወገድም። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለቃል ቃል በመስጠት ታላቅ አገልግሎት አበርክቷል። ሆኖም የቃል በቃል ዝርዝር፣ በባሕርዩ፣ ቃላት ሲጣመሩ የሚያመጡትን ፍቺ አይቆጣጠርም። ቀጣዩ የስያሜ ሥራ ከቃል ወደ ሐረግ መሻገር ይገባዋል።

ስለዚህ ሦስት ስያሜዎች ተለይተው እንዲሠራባቸው እናሳስባለን። ዳሳሹ በትክክል ለክቶ ስለ ሌላው ክፍል የሚያስታውቀው «የዳሳሽ ጥቆማ» ይባል። ከሽቦና ከማገናኛ የሚመነጨው «የመስመር ብልሽት» ይባል። «የዳሳሽ ብልሽት» የሚለው ደግሞ ዳሳሹ ራሱ ለተበላሸበት ብቻ ይቀመጥ። «ጥቆማ» በፖሊስና በጋዜጣ ቋንቋ የታወቀ ቃል በመሆኑ ለመካኒኩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ጥቆማ የሰጠ ሰውም ወንጀለኛ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

ስያሜው ቢረዝም ምን ይጠቅማል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እንገምታለን። መልሱ ከሥራው ቦታ ይገኛል። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የግፊት ልዩነት ዳሳሽ ዜሮ ማንበብ አለበት። ይህን የመሰለ ፍተሻ ሳይደረግ ዳሳሽ ተበላሽቷል ማለት ማስረጃ ሳይሰማ እንደ መፍረድ ነው። ተርጓሚው በመመሪያው ገጽ ላይ «ብልሽት» ብሎ ሲጽፍ ግን ፍርዱን አስቀድሞ ሰጥቶታል። አሠሪው ከውጭ በውድ ዋጋ አዲስ ዳሳሽ አስመጥቶ ይገጥማል፤ አዲሱም ዳሳሽ ያንኑ የተደፈነ ማጣሪያ ይጠቁማል። መኪናው ግን እንደቆመ ነው።