የቅኔ ቤት አስነጋሪ

የኔታ ብዙ ተመስግነዋል፤ ይገባቸዋልም። እኔ ግን የማደንቀው አስነጋሪውን ነው። ዋሸራ ይሁን፣ ጎንጅ ወይም ዋድላ፣ የቅኔው ስልት ቢለያይም ይህ ሰው አይጠፋም። በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና የጀመረው ልጅ ቀን ጥላ ፈልጎ ለብቻው ቅኔውን ሲቆጥር ይውላል። መልሶ ሲነግር መጀመሪያ የሚሰማው አስነጋሪው ነው፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ትናንት እንደ ልጁ ጀማሪ የነበረ ጓደኛው ነው። ቤቱ አልመታም፣ ሰምና ወርቁ አልተገጣጠመም፣ ምስጢሩ የለም ይለዋል። ይህች የመጨረሻዋ እርማት ከባድ ናት። ቅኔው በመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ላይ ስለሚቆም፣ ምስጢር የሌለው ቅኔ ሰዋስው ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ልጁም ስለ ፈጣሪው እንደገና ሊያስብ ይመለሳል። ደግሞ አራሚውና ታራሚው አንድ መንደር ዞረው ቁራሽ የሚለምኑ፣ አንድ ውሻ የሚያባርራቸው ናቸው፤ ስለዚህ ተግሣጹ ብዙም አይጎመዝዝም። መጽሐፍ ብቻውን ይህን አይሰጥም፤ መጽሐፍ አንባቢው ሲሳሳት ዝም ይላል። ለአብነት ትምህርት ቤት እርዳታ የምታሰባስቡ ወገኖች፣ ለየኔታ ጋቢ ስትገዙ ለአስነጋሪውም አንድ ጨምሩ።