ከድሉ በፊት ያለው ሩጫ
(ስለ ሁለት የሯጮች ፊልሞች)

የስፖርተኛን ጽናት የሚተርክ የኪነ ጥበብ ሥራ ከመነሻው አንድ ፈተና አለበት። ተመልካቹ ድሉን አስቀድሞ የሚያውቅ ከሆነ፣ የሯጩ ላብና እንባ ለድሉ የተከፈለ ዋጋ ሆኖ ብቻ ይታየዋል። ጽናት ግን ጽናት የሚባለው ውጤቱ ገና ሳይታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ለእይታ የበቃው «ኢንዱራንስ» እና በ2012 የቀረበው «ታውን ኦፍ ረነርስ» በዚህ ሚዛን ሲመዘኑ ልዩነታቸው ጎልቶ ይወጣል።

ሌስሊ ዉድሄድ ያዘጋጀው «ኢንዱራንስ» የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ሕይወት ይተርካል። ኃይሌ ራሱን ሆኖ ይጫወታል፤ የልጅነቱን ክፍል የሚጫወተውም ዘመዱ የሆነ ልጅ ነው። ፊልሙ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ኃይሌ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት የቀደመበትን የ10,000 ሜትር ውድድር ከአርሲ የልጅነት ኑሮው ጋር ያጣምራል። ንግግሩ ጥቂት ነው፤ መልክዓ ምድሩና እርምጃው ይናገራሉ። ይህ ቁጥብነት የሚመሰገን ነው።

የፊልሙ እውነተኛ ግጭት ያለው ግን በሩጫው ሜዳ ላይ ሳይሆን በአባትና በልጅ መካከል ነው። ልጁ በ1980 ምሩጽ ይፍጠር በሞስኮ ያገኘው ድል ልቡን አነሣሥቶታል፤ ገበሬው አባት ደግሞ ልጁ ቁም ነገር ያለው ሙያ እንዲይዝ ይሻል። ፍጻሜውን ስለምናውቅ አባትየው የተሳሳተ ሰው መስሎ ይታየናል። ለመሆኑ ተሳስቷልን? ከሚሮጡት እጅግ ብዙዎች መካከል ለሜዳልያ የሚበቁት ጥቂቶች እንደ መሆናቸው፣ የአባትየው ፍርሃት የአዋቂ ፍርሃት ነበር። ኃይሌ ግራ ክንዱን ጠጋ አድርጎ የሚሮጠው ደብተሩን ታቅፎ ትምህርት ቤት ይሮጥ ስለነበር ነው ይባላል። ደብተሩ የሩጫው ጌጥ ሆኖ ቀረ፤ በውስጡ ምን እንደ ተጻፈ ግን የሚጠይቅ አልተገኘም።

በአሜሪካ የስፖርት ታሪኮች ውስጥ ቤዝቦል ወይም የቅርጫት ኳስ የሚጫወት ወጣት ብዙ ጊዜ የሚታገለው ለኮሌጅ ቡድን ለመመረጥ ነው፤ ኳሱና መጽሐፉ በአንድ በር ይገባሉ። በእኛ ዘንድ ግን ሩጫና ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ መንታ መንገድ ላይ ደርሰው ይለያያሉ። ልጁ አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ይከስራል። ድራማው ያለው እዚህ ላይ ነው።

የጄሪ ሮትዌል «ታውን ኦፍ ረነርስ» ይህን መንታ መንገድ ከነጭንቀቱ ያሳያል። ቦታው በቆጂ ነው፤ ደራርቱ ቱሉንና ቀነኒሳ በቀለን በልጅነታቸው ያሠለጠነው መምህር ሥንታየሁ እሸቱ ታዳጊዎችን በሜዳው ላይ ያሮጣል። ካሜራው ሁለት ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል፤ ከቤታቸው ወጥተው ወደ ማሠልጠኛ ሲሄዱ፣ ናፍቆትና ጉድለት ሲገጥማቸው እናያለን። በመጨረሻው የወርቅ ሜዳልያ አይጠብቀንም። ስለዚህም እያንዳንዷ እርምጃ ትከብዳለች፤ ተመልካቹም ከልጆቹ እኩል ነገን ሳያውቅ ይጨነቃል። በጥበብ ሚዛን ይኸኛው ሥራ ይበልጣል።

ጉዳዩ ለእኛ ለጎንደሮች ሩቅ አይደለም። ደባርቅ ከአሰላ የበለጠ ከፍታ ላይ ያለች የደጋ ከተማ ናት። የዳባትና የወገራ ገጠር ልጅም የገብሱን ማሳ አቋርጦ፣ ዳገት ወጥቶ ቁልቁለት ወርዶ ነው ከትምህርት ቤት የሚደርሰው። ይሁን እንጂ ከፍታ ብቻውን ሯጭ አያፈራም። በቆጂን በቆጂ ያደረጋት አየሯ ብቻ ሳይሆን በትምህርት ቤቷ ሜዳ ላይ ሰዓት ይዞ የቆመ መምህር ነው። መምህሩን ያላገኘው ልጅ ጽናት አይጎድለውም፤ የሚጎድለው የሚያየው ሰው ነው።

ሰውን የማየት ተግባር ደግሞ የኪነ ጥበብም ነው። ስለ ወጣት ሯጭ ተውኔት ወይም ፊልም ለመጻፍ የሚነሣ የአገራችን ደራሲ ከሜዳልያው ባይነሣ ይበጃል። ለአባትየውም ከልጁ እኩል የሚያሳምን ቃል ይስጠው፤ እርሻው የሚጠብቀው እጅ ስንት እንደ ሆነ፣ የደብተርና የጫማ ዋጋ ከየት እንደሚገኝ ያናግረው። ልጁንም ከማጣሪያው ወድቆ ወደ መንደሩ ሲመለስ ያሳየን፤ በማግሥቱ ማለዳ በዚያው ዳገት ላይ ሲሮጥ ብናየው፣ ያን ጊዜ ጽናት ምን እንደ ሆነ ያለ ብሔራዊ መዝሙርና ያለ ጭብጨባ እንረዳዋለን።