አምባሰል፦ የተራራ፣ የዘፈንና የቅኝት ስም

ስላገራችን ዘፈን በሚጻፍበትና በሚነገርበት ስፍራ ሁሉ አንድ አባባል ተደጋግሞ ይሰማል። አራቱ ቅኝቶች፣ ማለት ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ሁሉም ከወሎ ምድር የፈለቁ ናቸው፤ ከነዚህም አምባሰል የተባለው፣ ከስሙ እንደምንረዳው፣ በአምባሰል ተራራ ላይ የተወለደ ነው ይባላል። አባባሉ ለወሎ ሰው ክብር ነው፤ ለሰሚም ደስ ይላል። ነገር ግን አንድ ነገር ደስ ስላሰኘ ብቻ ተመርምሯል ማለት አይደለምና፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ አባባሉን ከፋፍለን ልንመለከተው አስበናል። አሳባችን ወሎን ከክብሩ ለማውረድ አይደለም። እንዲያውም የአምባሰል ባላገር ድርሻ ከሚባለው ይልቅ የበለጠ ነው ብለን እናምናለን፤ ችግሩ ድርሻው በማይገኝበት ቦታ መፈለጉ ነው።

አስቀድመን ስፍራውን እንግለጥ። ሐይቅ ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በውሀው አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ወደ ውሀው ገባ ባለው ምድር ላይ ያለው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ታላቅ የትምህርት ማዕከል ነበረ። ከዚያ ወደ ሰሜን የአምባሰል አገር ይቀጥላል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር ውል የተፈረመበት ውጫሌ፣ በየዓመቱ መስከረም 21 ቀን እጅግ ብዙ ሕዝብ የሚሳለማት ግሸን ማርያምም በዚሁ አገር ይገኛሉ። የግሸን አምባ በቀድሞ ዘመን የነገሥታት ልጆች በግዞት የሚጠበቁበት ስፍራ ነበረ። በአገሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፤ በሠርግና በለቅሶም ይገናኛል። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ ያስፈልገናልና።

ክርክሩ ሁሉ የቆመው በስም ላይ ስለሆነ ከስም እንጀምር። አንዳንድ ሰዎች አምባሰል የሚለውን «አምባ» ከሚለው ቃልና በዐረብኛ ማር ማለት ከሆነው «ዐሰል» ከሚለው አጣምረው የማር አምባ ብለው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው ለንብና ለገደል አገር ቢስማማም ስለ ዜማው የሚነግረን ነገር የለም። የአራቱን ቅኝቶች ስሞች ጎን ለጎን አድርገን ብናይ ግን አንድ ነገር እንረዳለን። ትዝታ ያለፈውን ማሰብ ነው፤ በዚሁ ስም የሚጠራ ዘፈንም አለ። አንቺ ሆዬ ሴትን መጥሪያ ቃል ነው፤ እርሱም ዘፈን ነው። ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ የምትገኝ፣ ደገኛውና አፋሩ በሰኞ ገበያዋ የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ በስሟም ይዘፈናል። እንግዲህ ከአራቱ የስፍራ ስም ያላቸው ሁለቱ ብቻ ናቸው። አራቱን አንድ የሚያደርጋቸው የስፍራ ስም መሆናቸው ሳይሆን የዘፈን ስም መሆናቸው ነው።

ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሳይሆን አልቀረም እንላለን። ክራር መቺው አንድን የታወቀ ዘፈን ለመጫወት አውታሮቹን ሲያሰናዳ፣ ያንን አሰነዳድ በዘፈኑ ስም ጠራው። በኋላም በዚያው አሰነዳድ ሌሎች ዘፈኖች ሲዘፈኑ ስሙ አብሮ ሄደ። አምባሰል መጀመሪያ የተራራ፣ ቀጥሎ ተራራውን የሚያነሣ ዘፈን፣ በመጨረሻም የቅኝት ስም ሆነ ማለት ነው።

«ቅኝት» የሚለው ቃል ራሱ ይህን አሳብ ያግዛል። ቃሉ የወጣው «ቃኘ» ከሚለው ግሥ ነው፤ መቃኘትም አውታርን እያጠበቁና እያላሉ ድምፁን ማስማማት ነው። ክራር ብዙ ጊዜ ስድስት አውታር አለው፤ አምስቱ አምስቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው ከአምስቱ አንዱን ይደግማል። ተጫዋቹ ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው ሲያልፍ አውታሮቹን መልሶ መቃኘት ግድ ይሆንበታልና ለየአሰነዳዱ ስም ያስፈልገዋል። በገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ የሚያንጎራጉር እረኛ ግን የሚቃኘው ነገር የለውም። ዋሽንትም ቢኖረው፣ ቀዳዳው አንድ ጊዜ ከተበሳ በኋላ ድምፁ የተወሰነ ነው፤ ልማደኛ የዋሽንት ተጫዋች ከአንድ የበለጠ ዋሽንት ይዞ የሚዞረው ስለዚህ ነው። አራቱ ቅኝቶች ተብሎ የተደረደረው ዝርዝር እንግዲህ የባለሙያ፣ ይልቁንም የክራር ተጫዋች ዝርዝር ነው። ባላገሩ የሚያውቀው ዘፈኑን ነው።

ተራራው ቅኝቱን ወለደ የሚለውን አሳብ ከሁሉ ይበልጥ የሚያናውጠው ማስረጃ የሚመጣው ግን ከሩቅ አገር ነው። አምባሰል በትምህርት ቤት በተማርነው አጠራር ሲነገር ዶ፣ ግማሽ ድምፅ የወረደ ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ግማሽ ድምፅ የወረደ ላ ነው። ይህንኑ አምስት ድምፅ፣ በዚሁ ርቀት ተደርድሮ፣ በጃፓን እናገኘዋለን። ጃፓናዊው ሊቅ ሮኩሺሮ ኡኤሃራ እ.ኤ.አ. በ1895 ያገራቸውን የሕዝብ ዜማ በሁለት ሲከፍሉ አንደኛውን «ሚያኮ ቡሺ»፣ ሁለተኛውን «ኢናካ ቡሺ» አሉት፤ የመጀመሪያው የዋና ከተማ ዜማ፣ ሁለተኛው የገጠር ዜማ ማለት ነው። ፉሚዮ ኮይዙሚም እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተሙት ጥናት ሚያኮ ቡሺ የሚለውን ስም ይዘው ቀጥለዋል። ከአምባሰል ጋር የሚገጥመው ይህ ሚያኮ ቡሺ የተባለው ነው። በእኛ ዘንድ የተራራ ስም ያለው አደራደር በጃፓን የዋና ከተማ ስም አለው! አንዱ ሕዝብ ከሌላው ተቀበለ አንልም። ነገር ግን አምስቱን ድምፅ የወለደው የገደል ማሚቶ ቢሆን ኖሮ ጃፓኖች በከተማ ሻይ ቤት ባላገኙት ነበር።

ሌሎች ደግሞ ሥሩን በቤተ ክርስቲያን ዜማ ይፈልጉታል። የያሬድ ዜማ ሦስት ስልት አለው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ይባላሉ። በ16ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክት እንደሠሩለት ይነገራል። ሦስቱን ስልት በአራቱ ቅኝት ላይ ለመግጠም የሚደረገው ሙከራ አያጠግበንም፤ አንዱ የማኅሌት አዜማም፣ ሌላው የአውታር አሰነዳድ ነውና። ይልቁንም ሊታሰብበት የሚገባው በሐይቅና በአምባሰል መካከል ያለው ሌላ ልዩነት ነው። የሐይቅ ገዳም እ.ኤ.አ. በ1280 ገደማ የተጻፈውን የአቡነ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ጠብቆ አቆይቷል። ያንኑ ያህል ዘመን በዙሪያው የተዘፈነውን ግን ማንም በብራና ላይ አላሰፈረውም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በገና የመዝሙር፣ ክራር የሰይጣን መሣሪያ ይባል ነበርና ለዘፈን ብራና የሚያወጣ ሰው አልነበረም። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1977 ስለ ክራር ባሳተሙት ጽሑፍ ርእስ ውስጥ ይህንኑ የሰይጣን መሣሪያ የሚለውን ስም አግብተውታል።

ወሎን ለማወቅ ደግሞ ያሬድን ብቻ መጥቀስ አይበቃም፤ መንዙማ አለና። ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ስለ እስልምና በወሎ ባሳተሙት መጽሐፍ እንደሚታየው፣ የ19ኛው መቶ ዓመት የወሎ ሼሆች ትምህርታቸውን ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ ያደርሱ ነበር፤ ከነዚህም ሼህ ጠልሐ ጃዕፈር ባማርኛ የገጠሙት በዐረብ ፊደል ተጽፎ ቆይቷል። መንዙማ አውጪና ተቀባይ አለው፤ ድቤ ይመታል፣ ይጨበጨባል። ሙሽራ ሲታጀብ፣ በደቦ እህል ሲታጨድ የሚዘፈነውም አውጪና ተቀባይ አለው። በአንድ ሠርግ የሚገናኙ ጎረቤቶች አንዱ የሌላውን ዜማ ሳይሰማ አይቀርም። ስለዚህ የአምባሰልን ዘፈን ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ወይም ከመንዙማ ብቻ የሚያወጣ ሰው አገሩን በግማሽ ያየ ሰው ነው።

ታዲያ የአምባሰል ባላገር የራሱ ድርሻ ምንድን ነው? በእኛ አስተያየት ግጥሙና አባባሉ ነው። የባላገር ግጥም ብዙ ጊዜ በሁለት ስንኝ ይቆማል። የመጀመሪያው ስንኝ ለዓይን የሚታይ ነገር ያነሣል፤ ተራራ፣ ገደል፣ ውሀ፣ ንብ። ሁለተኛው ወደ ሰው ጉዳይ ይዞራል፤ ፍቅር፣ ድህነት፣ ስደት፣ ሞት። ልኩም የታወቀ ነው፤ በየወል ቤት ስድስትና ስድስት፣ በሰንጎ መገን አምስትና አምስት ቀለም ይቆጠራል። የመጀመሪያው ስንኝ ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ከንቱ ቃል ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን አንስማማም። «ማር» የሚለውን ቃል ለምሳሌ እንውሰድ። ንብ የምትሠራው ማር ነው፤ «ይቅር በል» ማለትም «ማር» ነው። በማር አገር የሚዘፍን ሰው ይህን ቃል ባነሣ ጊዜ ሰሙ የገደሉ ቀፎ፣ ወርቁ የበዳይ ልመና ሊሆን ይችላል። ዘፋኙ ቃሉን ስቦ ሲያስረዝመው ሰሚው ሁለቱንም ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። ድምፁን ማስረዘም እንግዲህ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የትርጉም ሥራ ይሠራል። ዜማውን በአምስት ድምፅ የጻፈ ተማሪ ርዝመቱን በወረቀት ላይ ያኖራል፤ ለምን እንደረዘመ ግን ከወረቀቱ ማንበብ አይቻልም።

ግጥሙ ከተራራ ወደ ከተማ የሚወርድበትም መንገድ አለ። አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል ከሰሚው የተነገረውን ግጥም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜማል። ስለዚህ የግጥሙ ባለቤት ብዙ ጊዜ ለገበያ ወይም ለክብረ በዓል የወረደ ገበሬ ነው፤ አዝማሪው አድራሽ ነው። ክራሯን ይዘው የታወቁት ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ፣ ከወሎ ወጥተው በአምባሰል አዘፋፈናቸው የተመሰገኑት ወይዘሮ ማሪቱ ለገሰም ሲዘፍኑ፣ ጆሮ ሰጥቶ የሚሰማ ሰው ሕዝቡ የሚጠብቀው አምስቱን ድምፅ ሳይሆን የሚቀጥለውን ስንኝ መሆኑን ያስተውላል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ቅኝትን ለይቶ መሰየም ለትምህርት ጠቅሟል፤ ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቹን ከጃዝ ጋር ሊያዋሕዱ የቻሉት አደራደሩ ተለይቶ ስለታወቀ ነው ይባል ይሆናል። ይህን አንክድም። ሲንትያ ኪምበርሊንም እ.ኤ.አ. በ1976 ለዶክተርነት ባቀረቡት ጽሑፍ የቅኝትን ጠባይ በማሲንቆ ላይ አጥንተዋል፤ ሥራው ታላቅ ነው። ነገር ግን ጥናቱ የተደረገበት መሣሪያ ራሱ ያስጠነቅቀናል። ማሲንቆ አንድ የጭራ አውታር ብቻ አለው፤ ድምፁን የሚወስነው ከጎን የሚነካው ጣት ነው፤ ጣትም በየተጫዋቹ ይለያያል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ሙዚቃን በመጀመሪያ የተማርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት በአርሞኒየም አጠገብ ቆመን ነው። የአርሞኒየሙ ድምፅ የተወሰነ ነው፤ ለመዝሙር ይበቃል። በእርሱ የሠለጠነ ጆሮ የማሲንቆን ድምፅ ሲሰማ «ተሳሳተ» ለማለት እንዳይቸኩል ያስፈልጋል።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ እንዳይመስል ለምን እንደሚያስቸኩለን እንግለጥ። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረኃብ ወሎን ጎዳ። በ1977 ዓ.ም. ሁለተኛ ሲመጣ፣ ባቲ የተራቡት መጠለያ ሆና ስሟ በዓለም ተሰማ፤ ብዙ የወሎ ገበሬም በሰፈራ ወደ ሩቅ አገር ተወሰደ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ደረሰባቸው። ቅኝቱ በዚህ ሁሉ አልጠፋም፤ በትምህርት ቤት ይሰጣል፣ በፒያኖ ይመታል፣ ጃፓንም አለ። ግጥሙ ግን የሚኖረው በሰው አፍ ነው፤ ሰው ሲሞትና ሲበተን አብሮ ይሄዳል። ሥሩ ቅኝቱ ነው ብለን ካመንን «አምባሰል ተጠብቋል» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን። ሥሩ ግጥሙ ነው ካልን ግን ሥራው ገና አልተጀመረም ማለት ነው።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ጓደኞቻችን ድምፅ መቅጃ ሲይዙ አራት ነገር እንዲጽፉ እንለምናለን። አንደኛ፣ ዘፈኑ የተዘፈነው በምን ምክንያት ነው፤ በሠርግ፣ በደቦ፣ በለቅሶ ወይስ በእረኝነት? ሁለተኛ፣ ግጥሙ ሙሉውን፣ ሰሙና ወርቁ ከዘፋኙ አፍ ተጠይቆ። ሦስተኛ፣ ማን አወጣው፣ ማንስ ተቀበለው? ቅኝቱ በአራተኛው ረድፍ ይግባ፤ እርሱን በኋላ ከቀረጻው ማውጣት ይቻላል፣ ሦስቱን ግን አይቻልም። የክርስቲያኑንና የሙስሊሙንም ዘፈን በተለያየ ደብተር አይክፈሉት።

ይህን አስተያየት የሚቃወም ጓደኛ ወይም መምህር ቢኖር በሚቀጥለው እትም ማስረጃውን ይዞ እንዲጽፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ከተቃውሞው ጋር ከአምባሰል የመጣ አንድ ያልተጻፈ ግጥም ቢያያይዝልን ግን ከክርክሩ ይልቅ በግጥሙ እንጠቀማለን።